«ኔትወርክ የለም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባ ከሚነገሩት ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ «ኔትወርክ የለም» የምትለዋን ያህል ብዙ የምታገለግል የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የባንክ ሠራተኛዋ ከመስኮቷ ወዲያ ሆና ትላታለች፤ የወረዳው መዝገብ ቤት ሹም ይላታል፤ የቤት ሥራውን በቀጠሮው ሰዓት ያላስረከበ ተማሪም ለመምህሩ ይላታል። ከተባለችም በኋላ ሰሚው አንገቱን ደፍቶ ከመሄድ በቀር የሚመልሰው ነገር የለውም።

ነገር ግን ይህች ሁለት ቃል ብቻ ያላት ዐረፍተ ነገር የአንድ በሽታ ስም አይደለችም። ቢያንስ የስድስት ልዩ ልዩ በሽታዎች የወል ስም ናት። «ሆዴን አመመኝ» ያለ ሰው የምግቡ ይሁን፣ የትሉ ይሁን፣ የጨጓራው ይሁን ሳይመረመር የተገኘው ኪኒን ቢሰጠው እንደማይድን ሁሉ፣ «ኔትወርክ የለም» የሚል ቤተ ሰብም ሳጥኑን በመዳፍ እየመታና ሽቦውን እየነቀለ መልሶ ቢሰካ ሁልጊዜ ፈውስ አያገኝም።

የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ስለ ራውተር መጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ምዝገባችን፣ ውጤታችን፣ መጽሐፋችንና የመምህራን መልእክት ሁሉ በዚህች ሳጥን በኩል የሚመጣ ሆኗል። የቀጠሮ ሰዓት ሲያልፍ የሚቀጣው ሳጥኗ ሳትሆን ተማሪው ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ከቦሌ ሚካኤል እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ አራብሳ ባለው ሰፈራችን፣ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ሆነ ብለው በየወሩ የበለጠ ገንዘብ ከፍለው ፍጥነት የሚያስጨምሩ ወላጆች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የግድግዳ ሆኖ ሳለ የሚከፈለው ለፍጥነት ነው። ለግድግዳ በሽታ የፍጥነት መድኃኒት መግዛት ከቤተ ሰብ ኪስ ላይ በከንቱ የሚወጣ ብር ነው።

ለመሆኑ ይህን ነገር መመርመር ከባድ ነውን? አይደለም። ውሃ ሲጠፋ የምናደርገውን እናስታውስ። ከቧንቧው ውሃ አልመጣም ብለን ቧንቧውን አንደበድብም። በመጀመሪያ «ጎረቤት መጥቷል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ ሮቶው ባዶ እንደ ሆነ እናያለን፤ ቀጥሎም መዝጊያው ተዘግቶ እንደ ሆነ እንፈትሻለን። ማለትም ከምንጩ እስከ ባልዲው ያለውን መንገድ ከፋፍለን፣ የትኛው ላይ እንደ ቆመ እንፈልጋለን። የኢንተርኔትም ነገር ይኸው ነው። መንገዱ ስድስት ቦታ ይከፈላል፤ እነርሱም መብራቱ፣ መሥመሩ፣ ሳጥኑ፣ አየሩ፣ በእጃችን ያለው መሣሪያ፣ በመጨረሻም ከደጃችን ውጭ ያለው ዓለም ናቸው። እያንዳንዱን በተራው እንመልከት።

ሀ/ መብራቱ

ሳጥኗ የምትሠራው ከግድግዳው 220 ቮልት እየተቀበለ ወደ ትንሽ ኃይል በሚለውጥላት አዳፕተር ነው። ብዙዎቹ 12 ቮልት ይፈልጋሉ፤ 9 ወይም 5 ቮልት የሚፈልጉም አሉ። አዳፕተሩ ሲቃጠል ከሌላ ዕቃ የተነቀለ፣ ቀዳዳው የገጠመ ሁሉ ይሰካል። መግጠሙ ግን ትክክለኛ መሆኑን አያሳይም። ኃይሉ ያነሰ እንደ ሆነ ሳጥኗ ትበራለች፣ ነገር ግን ሥራ ሲበዛባት እየወደቀች ትነሣለች። ስለዚህ በሳጥኗ ሆድ ላይ የተጻፈው የቮልትና የአምፔር ቁጥር በአዳፕተሩ ላይ ካለው ጋር መመሳከር አለበት። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፤ አምፔሩ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ማነስ ግን የለበትም።

የእንጀራ ምጣድ በተጣደ ቁጥር አምፖሉ ደብዘዝ የሚልና ሳጥኗም ጠፍታ የምትበራ ከሆነ፣ ጥፋቱ የኢንተርኔት ሳይሆን የቤቱ ኤሌክትሪክ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሳጥኗን ምጣዱ ከተሰካበት ማከፋፈያ ለይቶ መሰካት ይጠቅማል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ዕድሜዋን ያረዝማል። ከተሰካች በኋላ ደግሞ ለመነሣት ጥቂት ደቂቃ ትወስዳለች። በየግማሽ ደቂቃው እየነቀለ የሚሰካ ሰው ገና ከእንቅልፉ ሊነሣ ያለውን ሰው መልሶ እንደሚያስተኛ ነው።

በትንሽ ባትሪ የምትሠራ ሳጥን ያለው ሰው ደግሞ «መብራት ቢጠፋም የእኔ በርታለች፣ ኢንተርኔቱ ግን ለምን የለም?» ይላል። በየመንገዱ ዳር ያሉት የቴሌ ካቢኔዎችና የሞባይል ማማዎችም መብራት ይፈልጋሉ። የእነርሱ ባትሪ ሲያልቅ የእኛ መብራት ብቻውን ምንም አያደርግም።

ለ/ መሥመሩ

ወደ ቤታችን የሚመጣው መሥመር ከሦስት ዓይነት አንዱ ነው። የመጀመሪያው የስልክ የመዳብ ሽቦ ነው። በዚህ ጊዜ በሳጥኗ ላይ «ዲ.ኤስ.ኤል.» የሚል መብራት ይታያል። ቋሚ ሆኖ ከበራ መሥመሩ ደኅና ነው፤ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ካለ ሳጥኗ ከጣቢያው ጋር ለመነጋገር እየሞከረች አልቻለችም። መዳብ በክረምት ጠላቱ ዝናብ ነው። በምሰሶውና በግድግዳው ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች እርጥበት ሲገባባቸው ይዝጋሉ። የቤት ስልክ ካለ መፈተኑ ቀላል ነው፤ ስልኩን አንሥቶ መስማት ነው። የሚንጫጫ ድምፅ ካለው መሥመሩ ታሟል። ስልኩና ሳጥኗ የሚለያዩባት ትንሿ ማጣሪያ በቦታዋ መኖሯንም ማየት ይገባል።

ሁለተኛው ፋይበር ነው። በፋይበር ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው። በዚህ ሳጥን ላይ «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ቀጥ ብሎ ከበራ መልካም ነው፤ «ሎስ» የሚለው ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ጨርሶ ቤታችን አልደረሰም። ፋይበር መስተዋት ነውና እንደ ገመድ አይታጠፍም፣ በሚስማር አይመታም፣ በሶፋ እግር ሥር አይቀበርም። ጫፉንም አውልቆ በዓይን ማየት አይገባም፤ ብርሃኑ ለዓይን አይታይም እንጂ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛው ሲም ካርድ የሚገባባት ሳጥን ናት። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በተመሠረተው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ቤቱ ከመሥመሩ ቀድሞ በተሠራባቸው ሰፈሮች፣ ይህች ሳጥን የምትጠቅም ናት። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህም አማራጩ ሁለት ሆኗል። የዚህች ሳጥን ምሥጢር ቦታዋ ነው። ማማው በየት በኩል እንደ ሆነ ለይቶ በዚያ በኩል ባለው መስኮት ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከወለል ላይ አንሥቶ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ብዙ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

የኢትዮ ቴሌኮም መሥመር ታሞ እንደ ሆነ በ994 ደውሎ ማስመዝገብ ነው። «ኢንተርኔት የለም» ማለት ግን አይበቃም። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ሎስ የሚለው ቀይ ነው፤ ነቅለን ሰክተን አልተለወጠም» ያለ ደንበኛ፣ ሠራተኛው ራሱ የሚጠይቀውን ጥያቄ አስቀድሞ መልሶለታል።

ሐ/ ሳጥኑ

እዚህ ላይ በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት እንድታስተውሉ እለምናለሁ። ሳጥኗን አጥፍቶ ማብራት አንድ ነገር ነው። በጀርባዋ ያለችውን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል የሪሴት ቁልፍ በስፒል ወግቶ መያዝ ግን ፍጹም ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው እንቅልፍ ነው፤ የሁለተኛው ስም መርሳት ነው። ሪሴት የተደረገች ሳጥን የዋይፋይዋን ስም፣ የምስጢር ቃሏን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አገልግሎት ሰጪው ያስገባላትን የደንበኛውን ስምና ቁልፍ ትረሳለች። ይህ የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ያልያዘ ሰው ያችን ቀዳዳ መንካት የለበትም። በትንሽ መቆራረጥ የጀመረ በሽታ ለብዙ ቀን መዘጋት የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በዚህች ስፒል ነው።

ሳጥኗ ሙቀትም ትጠላለች። እናቶቻችን ለቤቱ ዕቃ ሁሉ ክብር ከመስጠት የተነሣ ዳንቴል ያለብሷታል፤ ወይም ከቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ያስቀምጧታል። ዳንቴሉ ማዕበሉን አይከለክልም፤ ነገር ግን የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል። ማለዳ ደኅና ሆና ከሰዓት በኋላ የምትንቀረፈፍ፣ ስትነካም እጅ የምታቃጥል ሳጥን ካለች፣ መድኃኒቱ ዳንቴሉን በአክብሮት ማንሣት ነው።

መ/ አየሩ

ከሁሉ የሰፋው ምዕራፍ ይህ ነው። በቤታችን ውስጥ ከሚደርሰው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫልና።

በታሪክ የሚገጥም ነገር አለ። ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ዋይፋይ የሚሠራበት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደንብም የወጣው በዚያው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ዋይፋይ ሬዲዮ ነው፤ ከዚህ የተለየ ተአምር የለውም። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎዳናዎች ይሄዳል። አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ይባላሉ። የመጀመሪያው ማዕበል ርዝመቱ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ ያንሳል፣ ግድግዳን ግን በተሻለ ያልፋል። ሁለተኛው ርዝመቱ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ ሳጥኗ ባለችበት ክፍል የሚሠራ 5ን፣ ራቅ ያለ 2.4ን ቢመርጥ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ቤቶቻችን እንግባ። የኮንዶሚኒየም ሥራ በሙከራ የተጀመረው እዚሁ በቦሌ ገርጂ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ሕንፃዎቹ በዝተዋል። ምሰሶውና ወለሉ ብረት ያለበት ኮንክሪት፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ጭቃ ቤት ማዕበሉን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ብሎኬት ያደክመዋል፤ ብረት ያለበት ኮንክሪት ደግሞ ሊያቆመው ይቃረባል። ሳጥኗ በሳሎኑ ጥግ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጣ መኝታ ቤት ውስጥ «ኔትወርክ የለም» ቢባል ሊያስገርም አይገባም። ከቤቱ መካከል፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ከብረትና ከመስተዋት ርቃ ብትቀመጥ ያለ አንዳች ወጪ ይሻሻላል።

የኮንዶሚኒየም ሁለተኛው ችግር ጎረቤት ነው። በአንድ ደረጃ ዙሪያ ያለ ቤት ሁሉ የየራሱ ሳጥን አለው። የ2.4 ጎዳና በቻናሎች ይከፈላል፤ ነገር ግን ቻናሎቹ እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ አንድ ሳጥን ሲናገር ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ አስቡ። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሳጥኖች ይሰማማሉ፤ ተሰልፈው በተራ ይሄዳሉ፤ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ሥርዐት አለው። ልዩ መሆን ፈልጎ 3ን ወይም 8ን የመረጠ ሰው ግን ከሰልፉ ውጭ የሚጋፋ ነው፤ ራሱም በደኅና አይሄድ፣ የተሰለፈውንም ያውካል። በስልክ ላይ በሚጫን የዋይፋይ መመልከቻ የጎረቤቶችን ቻናል አይቶ ከሦስቱ ባዶ የሆነውን መምረጥ ይገባል። 5 ጊጋኸርዝ የሚናገር ስልክ ካለ ደግሞ ጎዳናው ሰፊ ነው። እዚያም ቢሆን ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የጋራ ስለሆኑ፣ ሳጥኗ የራዳር ድምፅ የሰማች ሲመስላት ለቅቃ ትሄዳለች፤ ዋይፋዩም ለደቂቃ ያህል ይጠፋል። ከ36 እስከ 48 ያሉት ከዚህ ነፃ ናቸው።

በቦሌና በሲ.ኤም.ሲ. ግቢዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙው ተማሪ የሚያድረው ከዋናው ቤት ሳይሆን ከኋላ ባለው ሰርቪስ ነው። ሳጥኗ በዋናው ቤት ሳሎን፣ ተማሪው በሰርቪስ፤ በመካከል ሁለት ሦስት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጥላና ውሃ የሞላ ሮቶ አለ። ቆርቆሮ ማዕበሉን መልሶ ይወረውረዋል፤ ውሃ ይጠጣዋል። እዚህ ላይ ፍጥነት ማስጨመር ፈጽሞ ከንቱ ነው። በሶኬት ላይ የሚሰካው ማጠናከሪያ ይረዳል፤ ግን ብዙዎቹ በአንድ አፍ እየሰሙ በዚያው አፍ ስለሚናገሩ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርዱታል። ከሁሉ የሚሻለው ከሳጥኗ እስከ ሰርቪሱ የኔትወርክ ኬብል ዘርግቶ በጫፉ ሁለተኛ ርካሽ ራውተር ማስቀመጥ ነው። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ የትኛውም ግቢ ከዚህ አያልፍም።

ሠ/ በእጃችን ያለው መሣሪያ

የወንድም ስልክ ሲሠራ የእኅት ላፕቶፕ እምቢ ካለ፣ ሳጥኗ ንጹሕ ናት፤ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው። ብዙ ጊዜ የዋይፋዩን ስም «እርሳው» ብሎ የምስጢር ቃሉን እንደ ገና ማስገባት ይበቃል። በአገራችን የሚከሠት አንድ ልዩ ነገርም አለ። የኮምፒውተሩ ቀን በኢትዮጵያ ዘመን ከተሞላ፣ ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። አስተማማኝ ገጾች ሁሉ የሚያሳዩት የመታወቂያ ወረቀት ዘመን አለው፤ ማሽኑም «ይህ ወረቀት ገና አልተጻፈም» ብሎ ይመልሰዋል። ያረጀ ኮምፒውተር የውስጥ ባትሪው ሲያልቅም እንዲሁ ይሆናል። ቀኑ ሲታረም ገጹ ይከፈታል።

ስለ ፍጥነትም አንድ ሂሳብ እናስላ። የሚሸጥልን በሜጋቢት ነው፤ መጽሐፍና ፊልም የሚለካው በሜጋባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋቢት የተዋዋለ ሰው በሰከንድ የሚያገኘው 1.25 ሜጋባይት ነው፤ 100 ሜጋባይት የሆነ መጽሐፍ ቢያንስ 80 ሰከንድ ይፈጃል። ይህ የሚሆነውም ብቻውን ሲጠቀም ነው። አንዱ ኳስ ሲያይ፣ ሌላዋ ቪዲዮ ስትከፍት፣ የሁሉም ስልክ በራሱ ሲታደስ፣ የቀረው ይከፋፈላል። የምስጢር ቃሉ ለጎረቤት ልጅ፣ ከእርሱም ለጓደኞቹ ተላልፎ እንደ ሆነ ደግሞ በገጹ ላይ የተያያዙትን መሣሪያዎች መቁጠር ነው። የቤቱ ሰው አምስት ሆኖ መሣሪያው አሥራ ስምንት ከሆነ፣ ቃሉን መለወጥ ክፋት አይደለም።

ረ/ ከደጅ ውጭ

አንዳንድ ጊዜ ቴሌግራም እየሠራ ሌላው ገጽ አይከፈትም። እኛ አዲስ አበቤዎች ቤትን በቁጥር ሳይሆን «ከመድኃኔዓለም ጀርባ» እያልን እንደምንፈልግ፣ በኢንተርኔትም ገጽን በስም እንጠራለን፤ ማሽኖቹ ግን የሚያውቁት ቁጥር ብቻ ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልጋይ ዝም ሲል መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ አድራሻው ይጠፋል። ቁጥራቸውን በራሳቸው የያዙ ፕሮግራሞች ግን ይሠራሉ። በስልኩ ወይም በሳጥኗ ላይ በዲ.ኤን.ኤስ. ቦታ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ብሎ መጻፍ ይህን ይፈታል።

ሌላ ጊዜ የታመመው የምንፈልገው ገጽ ራሱ ነው። የምዝገባ ቀን ሺህ ተማሪ በአንድ ሰዓት ሲገባበት የሚወድቀው የሩቁ ማሽን እንጂ የእኛ ሳጥን አይደለም። መንገድ ሲቆፈር ከመሬት በታች ያለ ኬብል ሊቆረጥም ይችላል። ደግሞም በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ነቅሎ መሰካት አያድነውም። የትኛው በሽታ በእጃችን እንዳለ፣ የትኛው ደግሞ ከእጃችን ውጭ እንደ ሆነ መለየትም የዚህ እውቀት ክፍል ነው።

በአምስት ደቂቃ የሚፈጸም ፈተና

እንግዲህ «ኔትወርክ የለም» በተባለ ጊዜ የሚከተለውን በቅደም ተከተል ብናደርግ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ይገለጣል።

1. የሳጥኗን መብራቶች ማየት። ጨርሶ ካልበራች ነገሩ የመብራት ነው። የመሥመሩ መብራት ከታመመ ነገሩ የመሥመር ነው፤ 994።

2. መብራቶቹ ደኅና ከሆኑ፣ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ሳጥኗ ተጠግቶ መሞከር። አጠገቧ ሠርቶ በክፍላችን ካልሠራ ነገሩ የአየር ነው።

3. አጠገቧም ካልሠራ፣ በሌላ ስልክ መሞከር። በአንዱ ሠርቶ በሌላው ካልሠራ ነገሩ የመሣሪያው ነው።

4. በሁሉም ካልሠራ፣ በሳጥኗ ሆድ ላይ የተጻፈውን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1፣ በስልኩ መክፈት። የሳጥኗ ገጽ ከተከፈተ ከእኛ እስከ ሳጥኗ ያለው መንገድ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከሳጥኗ ወደ ውጭ ነው። ካልተከፈተ አንድ ጊዜ ብቻ አጥፍቶ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ማብራት።

5. ገጹ ከተከፈተ፣ ጎረቤትን መጠየቅ። እነርሱም ከሌላቸው ጥፋቱ የሰፈር ነው። እነርሱ ካላቸው ዲ.ኤን.ኤሱን ለውጦ መሞከር፤ ያም ካልረዳ በሳጥኗ የተጻፈውን የደንበኛ ስምና ክፍያውን ማጣራት።

ከእነዚህ አምስት ነገሮች አንዱም የምሕንድስና ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በቤታችን ውስጥ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚጠራው ተማሪ ነው፤ አባትም እናትም «አንተ የተማርከው እየው እስቲ»፣ «አንቺ የምታውቂው ነሽ» ይሉናል። ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ለዚህ የሚመልሰው «ኔትወርክ የለም» ብቻ ከሆነ፣ ያልተማረው ሰው ከሚለው ምን ጨመረ? «መሥመሩ ደኅና ነው፤ ግድግዳው ነው የከለከለን፤ ፍጥነት አታስጨምሩ፣ ኬብል እንዘርጋ» ያለ ልጅ ግን የቤተ ሰቡን ብር አድኗል። የመሥመሩም ጥፋት እንደ ሆነ፣ ቀኑንና መብራቱን ለይቶ የሚናገር አቤቱታ «እናየዋለን» በሚል ቃል በቀላሉ አይመለስም። የሚጠይቀውን የሚያውቅ ሰው መልስ የማግኘት ተስፋ አለው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ያችን ዐረፍተ ነገር ስንሰማ፣ «የቱ ነው የሌለው?» ብለን እንጠይቅ።